ሰው የሚቀመጥበት ሳሎን

ደብረ ብርሃን፣ ጥቅምት 9 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለእህቴ ልጅ ለደምሴ፣
አሌክሳንድሪያ

ልጄ፣ እንደምን ከርመሃል? የሰማዩ ጌታ ባለህበት ይጠብቅህ፤ ከዚያ ሁሉ መኪና ይሰውርህ። እኔ ከጉልበቴ በቀር ደህና ነኝ ብዬ ልጀምር ነበር፤ ግን ደህና አይደለሁም። ቁጭ ብለህ አንብብ።

አክስትህ ይርጋለም ባለፈው ረቡዕ፣ ጥቅምት 6 ቀን፣ ዐርፋለች። ቁርሷን ከእኛ ጋር በላች፤ ደረቴን ጨነቀኝ ብላ ጋደም አለች፤ ሐኪም ቤት የሚወስዳት መኪና በር ላይ ሳይደርስ አለቀ። በማግስቱ ቀበርናት። ሰው በጣም ብዙ ነበር። ለአንተ እንዲህ በደረቅ ወረቀት በመንገሬ ይቅር በለኝ፤ ሌላ የምልከው ሰው የለኝም።

አሁን ጭንቄ ልጇ ናት። የዓለምዘርፍ ወንድም እህት የላት፤ ደም ግፊቷን ታውቃለህ። ያንን የሲልቨር ስፕሪንግ ቤት አፍርሳ የምትሠራው ደግሞ ለማን እንደሆነ ታውቃለህ። እናቴ በጥር ትመጣለች፣ ለብቻዋ የምትኖርበት ክፍል ከነመታጠቢያው እጨምራለሁ ብላ ስንት ወር ለፍታለች። እኔ ደውዬ «እናትሽ ሞተች» ልላት አልችልም። በእኛ ዘንድ እንዲህ ያለ ነገር አልተለመደም። አንተ እዚያ ያሉትን ትልልቅ ሰዎች ሰብስብ፤ ቄስም ጨምር፤ በማለዳ ቤቷ ሄዳችሁ አርዷት። የሚይዛት ሰው፣ አብሯት የሚያለቅስ ሰው፣ ሳምንቱን ሁሉ የሚገባና የሚወጣ ሰው ያስፈልጋታል።

እስከዚያው «እናትሽ ጠበል ገብታለች፣ እዚያ ስልክ አይያዝም» ብያታለሁ። ለዘመድ ሁሉ አፋችሁን ያዙ ብያለሁ። ሁለት ሳምንት ቢይዝልኝ ነው፤ ከዚያ በላይ ውሸት አይሆንልኝም።

እንዳትደውልልኝ፤ በስልክም ምንም እንዳትጽፍልኝ። አምና የዘመዳችንን የዓብዩን ሞት ለአንተ ብቻ የላክሁ መስሎኝ፣ በድምፄ ቀድቼ ለቤተሰቡ ሁሉ የበተንኩት እኔ ነኝ። የዓለምዘርፍ የሰማችው ባቡር ውስጥ፣ በማታውቃቸው ሰዎች መካከል ቆማ ነው። ያ ነገር ሁለተኛ አይደገምም። በወረቀት ጻፍልኝ፤ በመንገደኛ ላክልኝ።

አጎትህ ኃይለመለኮት

—

አሌክሳንድሪያ፣ ጥቅምት 30 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለተከበሩ አጎቴ ለጋሼ ኃይለመለኮት፣
ደብረ ብርሃን

ጋሼ፣ እግዚአብሔር ያጽናዎት፤ የእትዬ ይርጋለምን ነፍስ ከደጋጎቹ ጎን ያኑርልን። ደብዳቤዎን ያነበብኩት ክሪስታል ሲቲ፣ ከምሠራበት ሆቴል ፓርኪንግ መኪናዬ ውስጥ ተቀምጬ ነው። አለቃዬ ሁለት ጊዜ ደወለልኝ፤ አላነሳሁም። ሁለተኛ እናቴ ነበረች።

በማግስቱ እትዬ ሸዋዓለምን አገኘኋቸው። የእድራችን ሰብሳቢ ናቸው፤ እዚህ አገር ሳያርዱት የቀረ ሐዘንተኛ የለም። ሁለታችን ሁኔታውን ለማየት ብለን፣ ለጥየቃ የሄድን መስለን ወደ የዓለምዘርፍ ቤት ሄድን።

ቤቱን በፎቶ ያውቁታል። በፈረንጅ 1956 የተሠራ፣ ፎቅ የሌለው፣ ረዘም ብሎ መሬት ላይ የተዘረጋ ቤት ነው፤ እዚህ ራንች ይሉታል። ጠባብ ሳሎን፣ በግድግዳ የታጠረ ኩሽና፣ በአንድ ኮሪደር የተደረደሩ ሦስት መኝታ ክፍሎች፣ ለሁሉም አንድ መታጠቢያ ቤት። የእርሷ ሐሳብ የኩሽናውን ግድግዳ አንስታ ሳሎኑን ማስፋት፣ ከጓሮ በኩል ደግሞ አምስት ሜትር ያህል ገፍታ የእናቷን ክፍል መጨመር ነው።

ጋሼ፣ ሳሎን የለም። ግድግዳው ተነሥቷል፣ ጣሪያው ከጓሮ በኩል ተከፍቷል፣ ወለሉ እስከ እንጨቱ ተልጧል። የፊቱ በር ላይ ቆመን የጓሮውን ዛፍ አየነው። ማቀዝቀዣው መኝታ ቤቷ ውስጥ ነው፤ የምታበስለው ልብስ ማጠቢያው ላይ ባስቀመጠችው ምድጃ ነው። እኛን የቀለም ባልዲ ገልብጣ አስቀመጠችን። «ይቅርታ፣ እናቴ ስትመጣ በወግ ትቀበላችኋለች» አለች። እትዬ ሸዋዓለም መነጽራቸውን አውልቀው ጠረጉት፤ ጠረጉት፤ ጠረጉት።

ስንወጣ መኪና ውስጥ ተቆጡኝ። «እዚህ ቤት ነው የምናረዳት? ሰው ምን ላይ ይቀመጥ? ባልዲ ላይ?» አሉ። የእኔ ቤት ይሁን አልኳቸው። የእኔ ቤት አንድ መኝታ ያለው አፓርታማ ነው፤ ሳስነጥስ ጎረቤቴ ግድግዳ ይደበድባል፤ እንኳን ለቅሶ። የቤተ ክርስቲያኑ አዳራሽስ ብላቸው «አዳራሽ ለአንድ ቀን ነው። ሐዘንተኛ የምትቀመጠው በራሷ ቤት ነው። ሰው ሲበተን ወደዚህ ወደ ፈረሰ ቤት ብቻዋን ልትመለስ ነው?» አሉኝ።

ሥራውን የያዘው ንጉሡ የሚባል ኮንትራክተር ነው። ደወልኩለት። «ብሮ፣ ስሪ ዊክስ ስጠኝ። ሳሎኑን ዘግቼ አስረክባታለሁ» አለኝ። ለምን እንደቸኮልኩ አልነገርኩትም። እንግዲህ ሦስት ሳምንት ይታገሡን።

ልጅዎ ደምሴ

—

ደብረ ብርሃን፣ ኅዳር 20 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለልጄ ለደምሴ፣

እንደምን ሰነበትክ? ለእትዬ ሸዋዓለም ሰላምታዬን አድርስልኝ፤ አላውቃቸውም ግን ያሉት ልክ ነው። አምላክ ዕድሜ ይስጣቸው።

የይርጋለምን አርባ አውጥተናል። የዓለምዘርፍ በዚያው ቀን ደወለች። ግቢው ውስጥ ድንኳን ተተክሎ፣ ካህናቱ እየበሉ ነበር። «ጋሼ፣ የምን ጫጫታ ነው?» አለችኝ። የጎረቤት ሠርግ ነው አልኳት። በጾም ሠርግ እንደማይኖር ትዝ ያለኝ ስልኩን ከዘጋሁ በኋላ ነው። እርሷም ልብ አላለችውም፤ ወይም እንዳላለች አደረገች።

ሌላ ነገር ልንገርህ፤ ለሚስቴም አልነገርኩም። የእናቷ መታጠቢያ ቤት ግድግዳ ላይ የመደገፊያ ብረት ልታስተክል ነው። «ጋሼ፣ እርስዎ የሙያ ሰው ነዎት፤ እናቴ ቀጥ ብላ ስትቆም እጇ ከመሬት ስንት እንደሆነ ይለኩልኝ። ጠበሉ ቦታ ሲሄዱ ሜትር ይያዙ» አለችኝ። ሠላሳ አንድ ዓመት የሕንፃ ፎርማን ሆኜ ያልለካሁት ነገር የለም። የይርጋለም ምርኩዝ እንደቆመ አለ፤ ከበሩ ኋላ። እርሱን ለካሁት። ሰማንያ አራት ሴንቲ ሜትር። እሁድ ስትደውል ነገርኳት። «ተባረኩ» አለችኝ። እኔ ከዚያ ወዲህ እህል አይወርድልኝም።

እና አንድ ጥያቄ። ያ የተነሣው የኩሽና ግድግዳ በቤቱ መሐል ለመሐል የሚሄድ ነው? እንዲያ ከሆነ ጣሪያውን የተሸከመው እርሱ ነው። ሰውዬው በምትኩ ጣሪያውን የሚሸከም አግዳሚ ትራቭ አስገብቷል? አሜሪካን የእንጨትና የወረቀት ቤት እንደሚሠራ አውቃለሁ፤ ጣሪያ ግን የትም አገር ጣሪያ ነው። ሄደህ ቀና ብለህ እይ።

ከሁሉ በላይ ፍጠኑ። ሁለት ሳምንት ብዬህ ነበር።

አጎትህ ኃይለመለኮት

—

አሌክሳንድሪያ፣ ታኅሣሥ 19 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለተከበሩ አጎቴ፣

ጤናዎ እንዴት ነው? እህል እንዳይጠሉ፤ እባክዎ። እግዚአብሔር ጉልበት ይስጥዎት፤ ለእኔም ይስጠኝ።

እንዳሉት ሆነ ጋሼ። ሄጄ ቀና ብዬ አየሁ። ትራቭ የለም። ንጉሡ ጣሪያውን በሦስት ቋሚ እንጨት ደግፎ ትቶታል። እኔ ገና ለእርሷ ሳልነግራት የመንግሥት የግንባታ ተቆጣጣሪ መጣ፤ አየና በሩ ላይ ቀይ ወረቀት ለጠፈ። መሐንዲስ አስልቶ ፕላን ሳያወጣ፣ አዲስ ፐርሚት ሳይገኝ ማንም ምስማር እንዳይመታ። ንጉሡ ስልክ ማንሣት አቁሟል። ድምፅ ልተውለት ብል እንኳን ሳጥኑ ሞልቷል ይለኛል። ከእኔ በፊት ስንት ሰው አልቅሶበታል ማለት ነው።

ክረምቱ ገብቷል። የጓሮው ክፍት በፕላስቲክ ተሸፍኗል፤ ነፋስ ሲመጣ ያብጣል፣ ይጎድላል። የዓለምዘርፍ ካፖርቷን ለብሳ ነው ቤት ውስጥ የምትውለው። ሥራው ቢቆምም እርሷ አልቆመችም። ባለፈው ቅዳሜ ሮክቪል የሸክላ ንጣፍ መደብር ካልወሰድከኝ አለችኝ። እትዬ ይርጋለም እንዳትንሸራተት ሻካራ የሆነውን ስትፈልግ ሁለት ሰዓት ዞርን። ገላ ስትታጠብ የምትቀመጥበትን ወንበር እኔ ላይ ሞከረችው። «ተቀመጥበት እስቲ። አሁን እንደ አሮጊት ተነሣ» አለች። ሻጩ ሳቀ። እርሷም ሳቀች። እኔም ሳቅሁ ጋሼ፤ ምን ላድርግ? ተቀመጥኩ፤ እንደ አሮጊትም ተነሣሁ።

ልጇ ቤዚ ከምትማርበት ከኮሌጅ ፓርክ ለእረፍት መጥታለች። እናቷ ሳትኖር ያዘችኝ። «አንክል ደምሴ፣ ኢዝ ግራንድማ ኦኬይ?» አለችኝ፤ አያቴ ደህና ናት ወይ ማለቷ ነው። ጠበል ናት አልኳት። «ፎር ቱ መንስ?» አለችኝ፤ ሁለት ወር ሙሉ ማለቷ ነው። ከዚያ ጆሮዋ ውስጥ ማዳመጫዋን ከታ ሄደች። ልጅቷ ሞኝ አይደለችም።

እትዬ ሸዋዓለም አሁንም ጣሪያ ሳይዘጋ አይሆንም ይላሉ። የቤተ ክርስቲያናችን ካህን አባ ባርናባስ ደግሞ «ከዘገየ ወዲህ በወግ ይሁን፤ በችኮላ የተነገረ መርዶ ሰው ይሰብራል» ይላሉ። ሁሉም ልክ ናቸው፤ እኔ ግን ፊቷን ማየት አቅቶኛል። ይፍቀዱልኝና ብቻዬን ልንገራት። የሽማግሌዎቹን ቁጣ እችለዋለሁ። እርስዎ አዎ ካሉኝ በዚያው ቀን እሄዳለሁ።

ልጅዎ ደምሴ

—

ደብረ ብርሃን፣ ጥር 14 ቀን 2017 ዓ.ም.

ልጄ ደምሴ፣

ከጥምቀት በኋላ እጽፍልሃለሁ ብዬ ቆየሁ፤ እጄ እምቢ ብሎኝ ነው። የጥምቀቱ በረከት ይድረስህ።

ንገራት። በመኪናም ቢሆን፣ በመንገድም ቢሆን፣ ባልዲ ላይ አስቀምጠህም ቢሆን ንገራት። ትናንት ደውላ ምን አለችኝ መሰለህ? «ጋሼ፣ እናቴ ተቀይማኝ ነው አይደል? በጥር ትመጫለሽ ብዬ፣ ቤቱም ሳያልቅ ቀረና፣ አታልላኛለች ብላ ነው ስልክ እምቢ ያለችኝ» አለች። አይ ልጄ፣ አልተቀየመችሽም አልኳት። በሦስት ወር ውስጥ ለዚያች ልጅ የተናገርኩት እውነት እርሱ ብቻ ነው፤ እርሱንም አላመነችኝም። «ይቅር እንድትለኝ እግሯን ሳሙልኝ» ብላ አለቀሰች።

እኔ እስከዛሬ ወግ ወግ ስል የኖርኩት ልጅቷ እንዳትጎዳ ነበር። አሁን በሞተች እናቷ ተጠላሁ ብላ ትኖራለች። ይህን እኔ ነኝ ያመጣሁት። ይህ ወረቀት እንደደረሰህ፣ ማንንም ሳትጠይቅ፣ ሂድ።

አጎትህ ኃይለመለኮት

—

አሌክሳንድሪያ፣ መጋቢት 17 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለተከበሩ አጎቴ፣

እንዴት ከረሙ? የጾሙ ወራት ይባረክልዎ። የጥር 14ቱ ደብዳቤዎ የደረሰኝ ትናንት ነው። ያመጣችው ሴት ሻንጣዋ ኪስ ውስጥ ረስታው ከርማ፣ ለፋሲካ ልብስ ስታወጣ አገኘችው። ሦስት ወር ያህል የእርስዎን አዎ ስጠብቅ ነበር። አዎ ብለውኝ ኖሯል።

መርዶው ተነግሯል። ባለፈው ቅዳሜ፣ መጋቢት 13 ቀን።

ከጥር ወዲህ ሌላ ኮንትራክተር አግኝታ ነበር። ትራቩ ገባ፤ ተቆጣጣሪው ፈረመ፤ ጣሪያው ተዘጋ፤ ግድግዳው ተለብዶ ነጭ ተቀባ። ኩሽናና ሳሎኑ አንድ ላይ ሆኖ ሲታይ ያ ጠባብ ቤት ነው አይባልም። እርሷም ደስ ብሏት ቅዳሜ ከሰዓት አባ ባርናባስ መጥተው ቤቱን እንዲባርኩላት ሁላችንንም ጠራችን። ከእድሩ አርባ ወንበር ተውሳ ዓርብ ማታ ደረደረች። እትዬ ሸዋዓለም «እንግዲህ ሰው የሚቀመጥበት ተገኘ፤ ቅዳሜ ማለዳ ይሁን» አሉ።

አሥራ ሁለት ሰዓት ተኩል ላይ ሃያ ሰው ሆነን በሯ ላይ ቆምን። በቢጃማ ከፈተችልን። ፈገግ አለች። «ውይ፣ ሰዓት ተሳሳታችሁ እንዴ? እኔ እኮ ከሰዓት ነው ያልኩት። ግቡ፣ ግቡ» አለች። ከዚያ የሴቶቹን ነጠላ አየች፤ ሁሉም አዘቅዝቀው ለብሰዋል። አንድ በአንድ አየችን። አባ ባርናባስ መስቀላቸውን አውጥተው የሚባለውን አሉ።

አልጮኸችም። ሁላችንም ልንይዛት እጃችንን ዘርግተን ነበር፤ አልወደቀችም። «መቼ?» ብላ ጠየቀች። ሽማግሌዎቹ መሬት መሬት ያያሉ። እኔ ጥቅምት ስድስት አልኩ።

«የትኛው ጥቅምት?» አለች።

ጋሼ፣ ባለፈው የሚል ቃል ከአፌ አልወጣ አለኝ። እርሷ ግን ገባት። ወደ እኔ ዞራ «ሮክቪል ስንሄድ ታውቅ ነበር?» አለችኝ። አዎ አልኳት። ያን ጊዜ ነው ለቅሶ የጀመረችው፤ እትዬ ሸዋዓለም ላይ ተደግፋ። በስልክ እያለቀሰች የነገረችዎን ቅያሜም እያነሣች «ይቅር ሳትለኝ» ትል ነበር። ደብዳቤዎ ደርሶኝ ቢሆን ቢያንስ ያንን ቀድሜ ባነሣሁላት።

ሳሎኑ ሰዉን ሁሉ ያዘ። ሦስት ቀን ሙሉ እየገባ እየወጣ የተቸገረ ሰው የለም፤ ወንበርም አላነሰ። ከሮክቪልም ከቨርጂኒያም ስንት ሰው መጣ። ሁሉም ወጉ ደረሰላት ይላል። እኔ ውኃ እየቀዳሁ ስዞር ከሁሉም እጅ ትቀበላለች፤ ከእኔ እጅ አትቀበልም። ቤዚ ናት ብርጭቆውን ከእጄ ወስዳ የምትሰጣት። በአራተኛው ቀን ደህና ዋይ ብያት ስወጣ ቀና ብላም አላየችኝ። ምን ላድርግ? እርስዎስ ምን ሊያደርጉ ይችላሉ? ብቻ እንዲያውቁት ብዬ ነው የጻፍኩልዎ።

ልጅዎ ደምሴ

—

ደብረ ብርሃን፣ ሚያዝያ 5 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለልጄ ለደምሴ፣

ሰላም ይብዛልህ፤ በሆሳዕናው ዕለት ነው የምጽፍልህ። ስለ ውኃው ብርጭቆ አንብቤ አዘንኩ። ትተውልህ ይሆናል፣ አትተውልህም ይሆናል፤ አይዞህ ከማለት በቀር የምሰጥህ ነገር የለኝም። ጥፋቱ የእኔ ነው ብዬ ልነግራት አስቤ ነበር፤ እርሷ ቀድማኝ ደወለች።

ስልኩ ሲጮህ ቁጥሯን አየሁ። እንደምትሰድበኝ ጠብቄ ነበር፤ ብትሰድበኝ ይቀለኝ ነበር። አንድም ክፉ ቃል አልተናገረችኝም። መቃብሯ የት እንደሆነ ጠየቀችኝ። የመጨረሻ ቀን ምን እንደበላች ጠየቀችኝ። ጨጨብሳ አልኳት። ማን አስከሬኗን እንዳጠበ፣ ምን አልብሰን እንደቀበርናት፣ ዝናብ ይዘንብ እንደነበረ። እኔም አንድም ሳልጨምር፣ አንድም ሳልቀንስ መለስኩላት። ሳይዋሹ ማውራት እንዴት ደስ እንደሚል ረስቼው ነበር።

ከዚያ «ጋሼ፣ የጓሮው ክፍል አልቋል። አልጋው ገብቷል፤ መታጠቢያውም ይሠራል» አለች።

«እርስዎ ይምጡልኝ» አለች።

እኔ? ሰባ ስምንት ዓመቴ ነው አልኳት። ሚስቴን የት ልተዋት? እርሷም ትምጣ አለችኝ። በዚህ ዕድሜዬ በሰው አገር ምን እሠራለሁ ብላት «ምንም አይሥሩ» አለች። ታዲያ ለምን ልምጣ አልኳት። ያኔ የተናገረችውን ቃል በቃል እጽፍልሃለሁ።

«ከእናቴ ቀጥሎ የቀሩኝ ትልቅ ሰው እርስዎ ነዎት። አንድ ቀን እርስዎም ይሞታሉ። ያን ቀን እነዚሁ ሰዎች ተሰብስበው ይመክራሉ፤ ክረምት ነው ይላሉ፣ ደም ግፊት አላት ይላሉ፣ ጠበል ገብተዋል ይሉኛል። እኔ ከእንግዲህ ማንንም አላምንም። እሁድ በመጣ ቁጥር ስልክ ይዤ፣ ይህ ሰው በሕይወት አለ ወይስ ሞቷል ብዬ መቀመጥ አልችልም። ጋሼ፣ እዚህ መጥተው አጠገቤ ይሙቱ። በዚያው ቀን ልወቅ።»

ደምሴ፣ ምን ይባላል? ሚስቴ ከምድጃው አጠገብ ሆና ምን አለችህ እያለች በእጇ ትጠይቀኛለች። መምጣት አልችልም፤ ጉልበቴ፣ ዕድሜዬ፣ እዚህ የቀበርኳቸው ሰዎች። ይህን ሁሉ ልነግራት አፌን ከፈትኩ። በዚያ ማዶ ትንፋሿ ይሰማኛል፤ ትጠብቃለች።

«እሺ ልጄ፣ እመጣለሁ» አልኳት።

እውነቴን ይሁን ውሸቴን፣ እኔም አላወቅሁም።

አጎትህ ኃይለመለኮት